ዘሩ ሳይበላ መድረስ

ንግግሬን በሒሳብ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። በአገራችን የእርዳታ ሥራ ለብዙ ዓመት የቆየ አንድ ልክ አለ፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በዚህ ልክ 75 ኪሎ ስንዴ ይደርሰዋል። ባለ 50 ኪሎ ኬሻ ብናደርገው አንድ ኬሻ ተኩል ነው። አሁን ያው ቤተሰብ አንድ ሄክታር መሬት አለው እንበል። መሬቱን በስንዴ ለመሸፈን 150 ኪሎ ያህል ዘር ይፈልጋል፤ የሁለት ወር ቀለቡን ማለት ነው። በጤፍ ከሆነ 30 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ይህ ደግሞ የአሥራ ሁለት ቀን ቀለብ ነው። እንግዲህ ከጤፍ ዘሩ ሌላ በጎታው ምንም የሌለው ቤት እርዳታው ሁለት ሳምንት ሲዘገይበት ዘሩን በልቶ ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ ስንት ኩንታል ቢመጣለት የሚቀጥለውን መኸር አይመልስለትም።

ዛሬ የምናገረው ከስደት ስለሚመለሱ ሰዎችና እነሱን ስለሚቀበለው የገጠር ድኻ ነው። ይህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው በመጠኑ ላይ ነው፤ ስንት ቶን ገባ፣ ስንት ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተለቀቀ። እኔ ከመጠኑ በፊት ወሩ ይጠየቅ ባይ ነኝ። በሚያዝያ የገባ አንድ ኩንታል በነሐሴ ከሚገባ ሦስት ኩንታል ይበልጥብኛል። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ አገሩ የገባ ገበሬ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት። ቤቱ ፈርሷል፤ እሱስ ቀላሉ ነው፣ እንጨትና ሣር ከተገኘ ጎጆ ቶሎ ይቆማል። ማሳው ግን ዳዋ ውጦታል፤ ካልሆነም ሌላ ሰው እያረሰው ነው። በሬ የለውም። አንድ በሬ ያለው ሰው እንደሱ ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል፤ መካናጆ ይባላል። ምንም የሌለው ግን የሚያቀናጀው ስለሌለው ጉልበቱን ያቀርባል። ለባለ በሬው ያርማል፣ ያጭዳል፣ በምላሹ ጥማድ ይሰጠዋል። ይህም አልሆን ሲል መሬቱን የእኩል ይሰጥና የገዛ ማሳውን ምርት ለሁለት ይካፈላል።

ይህንንም በቀን እንቁጠረው። አንድ ሄክታር ማለት በአማካይ አራት ጥማድ ነው፤ ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለሆነ አንድ ጊዜ ዳር ለማድረስ አራት ቀን ይፈጃል። የጤፍ መሬት ደግሞ አንዴ ታርሶ አይዘራበትም፤ ይታረሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል፣ አንዳንድ አገር ከዚያም ያልፋል። ሦስት ጊዜ ብቻ ብንል አሥራ ሁለት ቀን የበሬ ሥራ ነው። ባለ በሬው የራሱን ሳይጨርስ በሬውን አይለቅም፤ ማንም አይለቅም። ስለዚህ በሬ ለማኝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራል። ዘግይቶ የተዘራው ደግሞ ዝናቡ መስከረም ላይ ቶሎ የወጣ እንደሆነ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ከስደት ተመላሹ በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ሲያንስ «የእርዳታ እህል ለምዶ ሰነፈ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ቃል ከትልልቅ ባለ ሥልጣናት አፍ ጭምር ሰምቼዋለሁ፤ ሰውዬው ግን ለበሬ የተሰለፈው ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነበር።

ገበያውም ወር አለው። እህል በጥር ይረክሳል፣ በክረምት ይወደዳል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ቤት የምታስተዳድሩ ታውቁታላችሁ። በክፉ ዓመት የሚጨመረው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ከብቱን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ፣ እህሉ ሽቅብ ሲወጣ ከብቱ ቁልቁል ይወርዳል። በደኅና ጊዜ ብዙ ኩንታል የሚያወጣ በሬ በዚያን ሰሞን የአንዱን ኩንታል ዋጋ እንኳ ላያወጣ ይችላል። ገበሬው ይህ እየታየው ይሸጣል። ስለዚህ እርዳታ የሚደርሰው በሬው ከመሸጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ የሚቀጥለው ዓመት ተረጂ ዝርዝር ላይ ማን እንደሚጻፍ ይወስናል። የወሎው ረኃብ በደረሰ ጊዜ፣ ማለትም በ1965 እና በ1966፣ የሆነውን አማርትያ ሴን የተባለው የህንድ ተወላጅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ መርምሮት ነበር። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር ይወጣ ነበር። ሰዉ ያለቀው እህል ከገበያ ጠፍቶበት ሳይሆን መግዣ አጥቶ ነው። ሴን በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የወሎ ገበሬ የሚያውቀውን ነገር ለባለሙያዎች በሚገባ ቋንቋ ማስረዳቱ ለዓለም ትልቅ ውለታ ነው።

የሰባ ሰባቱን ችግር በዕድሜ የደረሳችሁበት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትኖራላችሁ። ያኔ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ራሱ ከወሎው ረኃብ የተወለደው፣ በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ 450 ሺህ ቶን እህል እንዲሰጡ ጠይቋል። ልብ በሉ፣ መጋቢት ነው። ሰኔ መጣ፣ ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ፣ በመስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት አከበረች። ዓለም የነቃው በጥቅምት 1977 ከኮረም የተነሣው የቢቢሲ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ላይቭ ኤድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የተካሄደው ደግሞ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነበር። በጎ ሥራ ነው፣ የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል፤ ከመጋቢት 1976 ተነሥተን ስንቆጥር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

በዚህ መካከል ሰዉ ከቀዬው ተነቅሎ ወደ ኮረም፣ ወደ ባቲ፣ ወደ መቀሌ፣ ወደ ኢብናት መጠለያዎች ጎረፈ፤ ከትግራይ ገጠር ደግሞ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ። መጠለያ ነፍስ ያድናል። ግን እልፍ አእላፍ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር ኩፍኝና ተስቦ አብረው ይሰፍራሉ፤ በሱዳን በኩል ዋድ ኮውሊ በተባለው ካምፕ ከረኃቡ የተረፉ ሕፃናት በኩፍኝና በውኃ እጦት ረግፈዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ መጠለያ ገበሬውን ከማሳው ይለያል።

አሁን የሚያዝያን 1977 ነገር በደንብ ልናየው ይገባል። በአንድ ወር፣ ያንኑ ዝናብ በማየት፣ ሁለት ዓይነት መመለስ ተካሂዷልና።

የመጀመሪያው በኢብናት ነው። በጎንደር ክፍለ ሀገር የነበረው ይህ መጠለያ በቀናት ውስጥ እንዲበተን ተደረገ። ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሰው፣ ደካማና በሽተኛው ጭምር፣ «ዝናብ ጥሏል፣ ሂድና እረስ» ተብሎ በጠመንጃ ተሸኘ፤ የተጠለለበት ዳስም ተቃጠለ። የዓለም ጩኸት ሲበረታ ጥፋቱ በአካባቢው ባለ ሥልጣናት ተላከከ። ለመዝራት ጊዜው እርግጥ ነበር። ግን ሰዉ ዘር አልነበረውም፣ በሬ አልነበረውም፣ ብዙው ለመንገዱ እንኳ የሚሆን ጉልበት አልነበረውም።

ሁለተኛው በሱዳን ነው። በምሥራቅ ሱዳን ካምፖች የነበሩት የትግራይ ገበሬዎች ዝናቡ ሊጥል መሆኑን ሲሰሙ በየቀዬው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት መከሩ፤ እንመለስ አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና ለጋሾች ግን በሐሳቡ አልተስማሙም። ምክንያታቸው በወረቀት ላይ ሲታይ ያስኬዳል። አገሩ ጦርነት ላይ ነው፣ ድርቁ ገና አልለቀቀም፣ የሚመለሱበት ገጠር በሕወሓት እጅ ስለሆነ በሕጉ እንደሚፈለገው ከሁለቱም መንግሥታት ጋር ስምምነት መፈራረም አይቻልም። ወደ ረኃብ አገር ስደተኛ መሸኘት ደግሞ ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ትልቅ ድፍረት ነው። ገበሬዎቹ በበኩላቸው ሌላ ሒሳብ ይሠሩ ነበር፤ ይህ ክረምት ካመለጠን የሚቀጥለው እህል የሚሰበሰበው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ እስከዚያ መሬታችን ዳዋ ይበላዋል፣ እኛም ለማኝ ሆነን እንቀራለን። እናም ተነሡ። በማኅበረ ረድኤት ትግራይ አስተባባሪነት፣ የጦር አውሮፕላን እየፈሩ በሌሊት እየተጓዙ፣ ከ50 ሺህ የሚበልጡት በዚያው ዓመት ገቡ። እስከ 1979 ክረምት ድረስ ከ150 ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ተመልሷል። ለጋሾቹ ውሎ አድሮ እስከ ድንበር መኪናና የመንገድ ስንቅ መስጠት ጀመሩ። ለዘርና ለበሬ የተለመኑትን ግን በቅጡ አልሰጡም፤ ያስፈለገው ደግሞ እሱ ነበር።

የኢብናቱና የሱዳኑ መንገደኛ የአንድ ዝናብ ገበሬዎች ነበሩ። አንዱን ባለ ሥልጣን አስወጣው፣ ሌላው በራሱ ምክር ወጣ። በምክሩ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ማን ከሕፃናቱ ጋር እንደሚቆይ፣ የየትኛው ቀዬ ምንጭ እንዳልደረቀ ሳይቀር ተነሥቷል፤ ያን ዓይነት ዕውቀት በጄኔቭም በአዲስ አበባም ጽሕፈት ቤት አይገኝም።

ይህ የራስ ውሳኔ ነገር በሕግም የተጻፈ ነው፤ የተጻፈውም እዚሁ ቤታችን ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የጸደቀው በአዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1969 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1961፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አምስተኛው አንቀጽ ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስ ይከለክላል። አገሩም ሲቀበለው ሙሉ መብቱን እንዲሰጠው፣ እንዲያቋቁመው፣ ተሰደድህ ብሎም እንዳይቀጣው ያዝዛል። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቭ ስምምነት ስለ መመለስ ይህን ያህል አልተናገረም። ሕጋችን በዚህ ያኮራል፤ ማሳ ላይ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ ይቀረዋል።

ከአገራችን ወጣ ብለን ሞዛምቢክን እንይ፤ ትልቁ ትምህርት እዚያ ነውና። የሞዛምቢክ መንግሥትና ሬናሞ የተባለው አማፂ ቡድን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1992 ሮም ላይ ታረቁ። በስድስት ጎረቤት አገሮች 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ስደተኛ ነበራቸው፤ ከዚያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነውን ያስጠለለችው ድኻዋ ማላዊ ናት። የስደተኞች ኮሚሽን የመኪና ዕቅድ አወጣ፣ መመዝገቢያ አዘጋጀ፣ መሸጋገሪያ ጣቢያ ሠራ። ስደተኛው ግን ዕቅዱን አልጠበቀም፤ አብዛኛው በእግሩና በራሱ ዘዴ ገባ። የመመለሱም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠናቀቀ።

እንዴት ገቡ? በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ዋናው ዝናብ የሚጀምረው በጥቅምትና በኅዳር ነው። አባትየው ከጎረምሳ ልጁ ጋር ከዝናቡ በፊት ድንበር ይሻገራል፤ ማሳ ይመነጥራል፣ ይዘራል። እናትየው ሕፃናቱን ይዛ ካምፕ ትቀራለች፣ የራሽን ካርዱም ከእሷ ጋር ይቆያል። ምርት ሲደርስ ይጠቃለላሉ፤ ዝናቡ ከከዳ ደግሞ አባት ወደ ካምፑ ይመለሳል። አንዳንድ የእርዳታ ሠራተኞች ይህን ማጭበርበር አድርገው አይተውታል፤ ሰውዬው ሁለት ቦታ ነው፣ ካርዱ ይሰረዝ የሚሉ ነበሩ። ለእኔ ይህ ቤተሰብ በዚያ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ ከተጻፈው የተሻለ ዕቅድ አውጥቷል። ቀለብ ካምፕ እየተሰጠ ማሳ አገር ቤት ሲታረስ እርዳታው በትክክል የዘር ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ካርዱን የሰረዘ ሰው ዘሩን ያስበላል።

ሁለተኛው የሞዛምቢክ ትምህርት ስለ ጎረቤት ነው። ከስደተኛው ሌላ ከ3 ሚሊዮን የማያንስ ሰው በአገሩ ውስጥ ተፈናቅሎ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ የትም ሳይሄድ ጦርነቱን ቀዬው ላይ ሆኖ ያሳለፈ አለ። ሦስቱ አንድ መንደር ሲገናኙ ለባለ ካርዱ ብቻ ዘር፣ መቆፈሪያና ሸራ ከተሰጠ፣ የቀረው ሰው ምን ይላል? «እኛ አገር ጠብቀን ቆየን፣ የሸሸው ተሸለመ» ይላል። ከዚያ የመሬት ክርክር ሲነሣ ይህ ቅያሜ ከሳሽ ይሆናል። የስደተኞች ኮሚሽን ቀደም ሲል በኒካራጓ የሞከረውን አሠራር ሞዛምቢክ ላይ በስፋት ተጠቀመበት። ትንንሽ ሥራ፣ በጥቂት ወር የሚያልቅ፣ ለመንደሩ በሙሉ፤ አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ የፈረሰ ድልድይ፣ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት። ከሺህ የበለጠ እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። ጉድጓዱ ካርድ አይጠይቅም። አንዳንዱ ጉድጓድ ፓምፑ ሲሰበር ጠጋኝ አጥቶ ቆሞ ቀርቷል፤ ያም ሆኖ ከማን አንሼ የሚለውን ጠብ አብርዷል። የተቀበሩት ፈንጂዎች ግን በዚህ አልተነኩም፤ አገሪቱ ከፈንጂ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከእርቁ 23 ዓመት ቆይቶ።

ወደ እኛ ቀበሌ ልመለስ። የእርዳታ ማከፋፈያ ቀን ምን እንደሚመስል ያላያችሁ አላችሁ። ሰዉ ከንጋት ጀምሮ ይሰበሰባል፣ ስም ጠሪው ዝርዝሩን ይዞ ይቆማል። ኬሻ ስለማይቆረጥ ቤተሰቦች ይቧደናሉ፤ አሥር ነፍስ ሦስት ኬሻ ነው ተብሎ ሁለት ቤት ይጣመራል፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ሸራ ዘርግተው በጣሳ ይሰፍራሉ። የዘይቱ ቆርቆሮ አራት ሊትር ነው፣ ስምንት ሰው ይደርሰዋል። ልጅ የያዘች እናት ጠርሙስ ይዛ ትጠብቃለች፣ አንዲት ሽማግሌ ሴት በኩባያ ትቀዳለች፣ ስምንቱም ዓይናቸውን ከኩባያዋ አፍ አይነቅሉም። ባዶው ቆርቆሮ ለማን ይሁን የሚለው ራሱ ክርክር አለው፤ ውኃ ይቀዳበታል፣ እህል ይሰፈርበታል፣ ተዘርግቶ በር ይሆናል።

ማታ ደግሞ ሌላ ማከፋፈል አለ፤ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ስሟ የተጠራ ሴት ስሙ ላልተጠራ ጎረቤቷ ከድርሻዋ ትሰፍርለታለች። ባለሙያዎች ይህን «ለታለመለት ሰው አልደረሰም» ብለው ይመዘግቡታል። ሴትየዋ ግን የምታደርገውን ታውቃለች። ያ ጎረቤት በሬ አለው፤ ሰኔ ላይ ጥማድ ትለምነዋለች። ደቦ የሚመጣላትም፣ ወንፈል የሚገባላትም እሱ ነው። ብቻዋን በልታ ብቻዋን ልታርስ አትችልም። ስለዚህ ተመላሽ በሚሰፍርበት ቀበሌ ውስጥ ለነባሩ ድኻም አብሮ ማሰብ ተመላሹን ራሱን መርዳት ነው፤ በሬው ያለው ከነባሩ ዘንድ ነውና።

ሁሉም ተመላሽ ወደ ተወለደበት ቀዬ አይደለም የሚመለሰው፤ ይህ ሌላ ጣጣ ነው። በ1985 ከሱዳን በተደራጀ መንገድ የተመለሱት ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ሆነው ሳለ የሰፈሩት በሑመራ ቆላ፣ በማይካድራ፣ በራውያንና በአዳባይ ነው። ደጋው መሬት ጠቦት ነበር። ቆላው ደግሞ ሰፊ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል፣ ግን ወባውና ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚፈጅ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውስጥ ትራባለች፤ አዲስ ገቢው ሜዳ ላይ ሲተኛ ታገኘዋለች። አዳባይ ላይ ኖራ ያጠናችው ሎራ ሃሞንድ የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ስለዚያ ሰፈር መጽሐፍ ጽፋለች። ከመጽሐፉ የምወስደው፣ ለእነዚህ ሰዎች መመለስ ማለት አዲስ አገር ማቅናት እንደነበር ነው፤ ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር፣ ገበያ፣ ሁሉንም ከዜሮ። ለእንዲህ ያለ ሰፋሪ ለጥቂት ወራት ቀለብ ሰጥቶ «ከእንግዲህ ተቋቁመሃል» ማለት በጀት የመዝጋት ሥራ ነው።

ስለ ዘሩም አንድ ነገር ልበል። ዘር መስጠት መልካም መስለው ከሚሳሳቱ ሥራዎች አንዱ ነው። ለወይና ደጋ የሚሆን ስንዴ ለቆላ ሲታደል፣ ስድስት ወር የሚፈጅ ማሽላ ዝናቡ አጋማሽ ላይ ሲደርስ፣ ወይም መጋዘን ከርሞ የነቀዘ ሲመጣ ታይቷል። ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ የተሰጠውን ዘር ዝም ብሎ አይበትንም። መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ ያስቀምጣል፤ ከቀናት በኋላ ፈትቶ ስንቱ እንደበቀለ ይቆጥራል። ግማሹ ካልበቀለ ወደ ምጣድ ነው የሚሄደው። ደግሞ በብዙ ቦታ የተጠናው የሚያሳየው፣ ከባድ ድርቅ ባለፈበት አገር እንኳ ለአካባቢው የሚስማማ ዘር ከገበያው አይጠፋም፤ የጠፋው ገንዘቡ ነው። ስለዚህ ኩፖን ይዞ ከጎረቤት ወረዳ ገበሬ ራሱ መርጦ እንዲገዛ ማድረግ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ገበያ ባለበት ብርም እንደዚሁ ይሠራል። ገበያ ከሌለ፣ መንገዱ በክረምት ከተቆረጠ ግን ብር አይበላም፤ ያኔ እህሉ ራሱ ቀድሞ መግባት አለበት።

የሕፃናቱ ሕክምናም ከዚሁ የወር ነገር ጋር ይያያዛል። ቀድሞ በጣም የከሳ ሕፃን ያላት እናት ሕፃኑን ይዛ የሕክምና መጠለያ ገብታ ለሳምንታት ትተኛ ነበር። የምትተኛው መቼ ነው? ረኃቡ የሚጠናው በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ የአረም ጊዜ ነው። አንዱን ልጅ ለማዳን ሌሎቹንና ማሳውን ትታ መሄድ አለባት፤ ብዙዎቹ አይሄዱም ነበር። በ1993 መግቢያ በሐድያ፣ በባዳዋቾ ወረዳ፣ ሌላ አሠራር ተሞከረ። የሕፃኑ ክንድ በሜትር ይለካል፤ ዛሬ ከ11 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ በታች ከሆነ ቀይ ነው። ሌላ ሕመም ከሌለው ፕላምፒ ነት የተባለው የለውዝ ለጥፍ ተሰጥቶት ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ ይታያል። ውጤቱ ጥሩ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለዓለም በሙሉ እንዲሠራበት መከሩ። እናትየዋ አረሟን እያረመች ልጇ ዳነ።

ወደ ቅርቡ ጊዜ ልምጣ። በሰኔ 2015 አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ምክንያቱ እህሉ በስፋት ተሰርቆ ገበያና ወፍጮ ቤት መገኘቱ ነው። ስርቆቱ እውነት ነበር፣ ሰራቂውም መጠየቅ ነበረበት። የእገዳው ጊዜ ግን ሙሉውን ክረምት ይዞ ዘለቀ፤ ለስደተኞች የተፈታው በመስከረም መጨረሻ፣ ለሌላው ደግሞ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ 2016 ድረስ ነው። ሌባው በዚያ ክረምት አልተራበም። ማጣራቱን በጥር አድርጎ ዝርዝሩን በመጋቢት ማጽዳት ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ራሱ በሰኔ 2017 ማብቂያ ተዘግቷል፤ ያለው እህል ሲያንስ የሚገባበት ወር ይበልጥ ይከብዳል። ሱዳን በሚያዝያ 2015 በጦርነት ከታመሰች ጀምሮ በመተማና በኩርሙክ በኩል የሚገባው ሰው ውስጥ የእኛው አገር ልጆች ብዙ ናቸው። ብዙው በሱዳን እርሻ የቀን ሠራተኛ የነበረ፣ ባዶ እጁን የመጣ ነው፤ የሚሄደውም ራሱ ሴፍቲኔት የሚባለውን ድጋፍ ወደሚጠብቅ ዘመዱ ቤት ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ክፍያው ከጥር እስከ ሰኔ እንዲሆን የተደረገው በዚሁ በዘሩ ሒሳብ ነበር፤ በየዓመቱ ግን ክፍያው ሲንከባለል ሰኔን አልፎ ሲደርስ እናያለን። ክፍያው የዘገየበት ዘመድ ላይ ተመላሽ ሲጨመርበት ሁለቱም ዘሩን አብረው ይበላሉ።

እንግዲህ ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት ለአንድ ወገን የምለው አለኝ። ይህ ንግግር በጽሑፍ ሲወጣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በፍራንክፈርት፣ በሪያድ ያሉ ወገኖች ያነቡታል። በየመንደሩ ስም ተሰባስባችሁ ገንዘብ እንደምትልኩ አውቃለሁ፤ ብዙ ቀበሌ ከመንግሥትም ከለጋሽም በፊት የደረሰለት የእናንተ ገንዘብ ነው። መዋጮው ግን የሚሰበሰበው የከሳ ሕፃን ምስል በስልክ ሲዞር ነው፤ ምስሉ ደግሞ የሚዞረው ነሐሴ ላይ ነው። ኮሚቴያችሁ መዋጮውን በጥር ይሰብስብ። ገንዘቡን ለመንደሩ ዕድር ወይም ለምታምኗቸው ሽማግሌዎች ላኩ፤ ከስደት የገባውንና ነባሩን በሬ የሌለው ሰው በአንድ ዝርዝር ይጻፉ። ለሁለት ቤት አንድ በሬ ቢገዛ ከሌላው ጋር ይቀናጃል፤ የተረፈው የዘር መግዣና ዘሩ እስኪዘራ የሚበላ ይሁን። የእርሻ በሬ እርሻው ሲቃረብ ስለሚወደድና መንገዱም ከሰኔ በኋላ ስለማያስገባ፣ ገንዘቡ እስከ የካቲት መጨረሻ ከእጃችሁ ወጥቶ መንደሩ መድረስ አለበት።